የደጋ አጋዘንን ከሩቅ ማግኘት፦ ለባሌ የሚሆን ባይኖክላርና ስኮፕ እንዴት ይመረጣል፣ እንዴትስ ይሠራበታል

ወደ ባሌ ለአደንም ይሁን ለጉብኝት የሚሄድ ሰው ጭንቀቱ ሁሉ ስለ ጠመንጃው ወይም ስለ ካሜራው ነው። ባይኖክላር ትዝ የሚለው መጨረሻ ላይ ነው። ወይ ከዘመድ ይዋሳል፣ ወይ ሻጩ "ይኼ በጣም ያቀርባል" ያለውን ይዞ ይወጣል። ከዚያ ዲንሾ አካባቢ ኮረብታ ላይ ብርድ እያንቀጠቀጠው ይቀመጣል። አብሮት ያለው የአካባቢው መሪ በባዶ ዓይኑ "ያውና! ሦስት ሴት፣ አንድ ወንድ" እያለ ሲቆጥር እሱ የሚያየው የሚወዛወዝ አረንጓዴ ብቻ ነው።

ይህን የምጽፈው እንደዚያ እንዳትሆኑ ነው። ምሳሌዬ የደጋ አጋዘን ነው፤ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም አይገኝም፣ አገሩም ቁጭ ብሎ በመነጽር ለመፈለግ የተመቸ ነው። የማታድኑ፣ ፎቶ የምታነሱ ወይም እንግዳ የምታስጎበኙ ብትሆኑም ነገሩ አንድ ነው። የምለው ባጭሩ ይኼ ነው፦ ገንዘባችሁን ለትልቅ ቁጥር አታውጡ። ለጥሩ ሌንስና ለማቆሚያ አውጡት። ከዚያ ቁጭ በሉ።

መጀመሪያ የት እንደቆማችሁ እወቁ

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ማደን ክልክል ነው። በዚህ ላይ ድርድር የለም። አደን የሚፈቀደው ከፓርኩ ውጭ፣ ቁጥጥር በሚደረግባቸው የአደን አካባቢዎች ነው፤ ኦዶ ቡሉ፣ ሀንቶ፣ አባሸባ ደመሮ፣ ወደ አርሲ በኩል ደግሞ ሙኔሳ። እዚያም ቢሆን ያለ ፈቃድ፣ ያለ ኮታና ያለ ፈቃድ ያለው ፕሮፌሽናል አዳኝ አይገባም። ሥልጣኑ የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። እንስሳው የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው ውስጥ ስለሆነ የሚፈቀደው ለአቅመ አደን የደረሰ ወንድ ብቻ ነው።

ይኼን ከመነጽር ጋር ምን አገናኘው? ብዙ። አዳኙ ጠመንጃ ከማንሳቱ በፊት "ይኼ ወንድ ነው፣ ያረጀ ነው፣ ከኋላው ሌላ የለም" ብሎ እርግጠኛ መሆን አለበት። ያ እርግጠኝነት የሚመጣው በመነጽር ነው። "መሰለኝ" ተብሎ አይተኮስም።

የምትፈልጉት እንስሳ ምን ይመስላል

የደጋ አጋዘን ትንሽ እንስሳ አይደለም። ትልቁ ወንድ እስከ 300 ኪሎ ይመዝናል። ሆኖም የውጭ ሳይንቲስቶች ያወቁት በጣም ዘግይተው ነው፤ እንግሊዛዊው አይቮር በክስተን እ.ኤ.አ. በ1908 አድኖ የወሰደውን ይዞ የእንስሳት ተመራማሪው ሪቻርድ ላይደከር በ1910 ስም አወጣለት። የአካባቢው ሰው ግን ድሮም ያውቀዋል።

ችግሩ ቀለሙ ነው። ግራጫ ቡኒ ነው፣ አስታ በሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ውስጥ ሲቆም ግንድ ይመስላል። ስለዚህ ሙሉ አጋዘን አትፈልጉ። ሙሉ እንስሳ ተጋልጦ ቆሞ የምታገኙት ፖስት ካርድ ላይ ነው፤ ወይ ደግሞ ጋይሳይ ሜዳ ላይ፣ ሰው የለመዱት ጋር። ሌላ ቦታ የምታገኙት ቁራጩን ነው። በሁለቱ ዓይኖቹ መካከል ያለችው ነጭ መስመር። ጉንጩ ላይ ያሉ ነጭ ነጥቦች። አንገቱ ሥርና ደረቱ ላይ ያለው ነጭ። ዝንብ ለማባረር ፍንጥር የምትል ጆሮ። እና ከሁሉም በላይ አግድም መስመር፤ ጫካ ውስጥ ዛፍ ሁሉ ወደ ላይ ነው የሚቆመው፣ ጀርባ ግን ይጋደማል። ዓይናችሁ አግድም መስመር ላይ ሲያርፍ አትለፉት።

ሴቷ ቀንድ የላትም። ወንዱ የተጠማዘዘ ቀንድ አለው፣ ጀርባው ላይም የቆመ ጋማ። ሴቶችና ጥጆች በመንጋ ይሆናሉ፤ ያረጁ ወንዶች ብዙ ጊዜ ለብቻቸው ወይም ሁለት ሦስት ሆነው ነው። አንድ ማሳሰቢያ፦ በሩቅ ጠቆር ያለ፣ ነጠላ ወንድ ስታዩ ቶሎ አትደሰቱ። የምኒልክ ድኩላም እዚያው አለ፣ ወንዱ ጥቁር ነው ማለት ይቻላል። ቀንዱ አጭርና ቀጥ ያለ፣ ሰውነቱም በጣም ያነሰ ነው። በመጥፎ መነጽር፣ በጭጋግ፣ በደስታ ውስጥ ሆኖ ግን ሰው ያሳስታል።

ሰዓቱ የመነጽሩን ዓይነት ይወስናል

አጋዘን ጠዋት በማለዳና ወደ ማታ ይወጣል፤ ፀሐይዋ ስትጠነክር አስታው ውስጥ ገብቶ ይተኛል። ስለዚህ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ቦታችሁ ላይ ተቀምጣችሁ መገኘት አለባችሁ። መንገድ ጀምራችሁ አይደለም፤ ተቀምጣችሁ። እስከ 3 ሰዓት ገደማ ጥሩ ነው። ከዚያ ሻይ ጠጡ። ከሰዓት በኋላ ከ10 ሰዓት ጀምሮ እንደገና።

ባሌ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነ ንጋቱም ምሽቱም አጭር ነው። አውሮፓ ውስጥ አዳኞች በድንግዝግዝ ሰዓት ረጅም ጊዜ ያገኛሉ፤ እኛ ጋ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያላችሁ ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው፣ ከዚያ ጨለማ። ስለዚህ በውጭ አገር ድረ ገጽ ላይ "ለማታ አደን ግዴታ 8 በ56 ያስፈልጋል" የሚለውን ምክር ስታነቡ እሱ ለነሱ አገር ነው በሉት። ያን ከኪሎ በላይ የሚመዝን ነገር ይዛችሁ 3,500 ሜትር ላይ ዳገት አትወጡም። ግን ያቺ ሃያ ደቂቃ ወርቅ ናት፤ ትልልቆቹ ወንዶች የሚወጡት በሷ ነው። በኪስ የሚገባ መነጽር ደግሞ በዚያ ሰዓት ምንም አያሳይም።

ለምን እንደማያሳይ ለመረዳት ሁለቱን ቁጥሮች ማወቅ ይበቃል።

ሁለቱ ቁጥሮች

ባይኖክላሩ ላይ 10 በ42 ተብሎ ተጽፏል እንበል። 10 ማለት አሥር እጥፍ ያቀርባል። 42 ማለት የፊት ሌንሱ ስፋት 42 ሚሊ ሜትር ነው። ትልቁን ለትንሹ አካፍሉት፦ 42 ሲካፈል ለ10፣ 4.2 ይሆናል። ይህ ወደ ዓይናችሁ የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት ነው፣ በሚሊ ሜትር። ባይኖክላሩን ክንድ ያህል አርቃችሁ ወደ ሰማይ ብታዙት የዓይን ሌንሱ ላይ ክብ ብርሃን ታያላችሁ። እሱ ነው።

አሁን ዓይናችሁን አስቡት። በድንግዝግዝ የወጣት ሰው ብሌን እስከ 7 ሚሊ ሜትር ይከፈታል፤ ዕድሜ ሲገፋ ወደ 5 ይወርዳል። 10 በ25 የሆነ የኪስ መነጽር የሚያቀብላችሁ 2.5 ብቻ ነው። ዓይናችሁ በሩን ከፍቶ ይጠብቃል፣ ብርሃኑ ግን አልመጣም። 8 በ42 ደግሞ 5.25 ይሰጣል። 10 በ50 ሲሆን 5። 12 በ50 ወደ 4 ዝቅ ይላል። ቀን በፀሐይ ሁሉም አንድ ይመስላሉ፤ ሻጩ ሱቅ በር ላይ በእኩለ ቀን ሲያሳያችሁ ልዩነቱ የማይታየውም ለዚህ ነው።

የማቅረቢያው ቁጥር ሲጨምር ሦስት ነገር ይበላሻል። የሚታየው ሜዳ ይጠባል። የእጃችሁ መንቀጥቀጥ በዚያው ልክ ይጎላል። ብርሃኑም ይቀንሳል። ገበያ ላይ "ከ10 እስከ 180" የሚሉ ርካሽ መነጽሮች አሉ። እባካችሁ እለፏቸው። ያን ያህል የሚያቀርብ ነገር በእጅ ተይዞ ሊታይበት አይችልም፤ በዚያ ዋጋ የተሠራ ሌንስ ደግሞ ከ10 በላይ ሲደርስ ጭጋግ ብቻ ነው የሚያሳየው።

እንግዲህ የኔ ምርጫ። አንድ ብቻ የምትገዙ ከሆነ 10 በ42። የሳኔቲን አምባ፣ የወብ ሸለቆን፣ የአስታውን ዳገት ባሻገር ቆማችሁ ለመቃኘት ይበቃል፣ ክብደቱም ከ650 እስከ 800 ግራም ነው። ሀረና ጫካ ውስጥ ለምትውሉ፣ ወይም እጃችሁ ለማይረጋና ማቆሚያ ለማትይዙ 8 በ42 ይሻላል፤ ሰፋ አድርጎ ያሳያል፣ አያደክምም። 12 በ50 እና 15 በ56 ግሩም ናቸው፣ ግን ማቆሚያ ላይ ካልተሰኩ ባትገዟቸው ይሻላል።

ሱቅ በር ላይ የሚደረግ ፈተና

ዋናው ጨዋታ እዚህ ነው፣ ሰው ግን አምስት ደቂቃ አይሰጠውም።

መነጽሩን ይዛችሁ ወደ ውጭ ውጡ። ሻጩ ቅር ካለው መታወቂያችሁን አስይዙ። ሩቅ ያለ ኮንዶሚኒየም ፈልጉ፣ ጣሪያው ላይ ዲሽ የተደረደረበት። አንዱን ዲሽ መሐል ላይ አድርጉና አጥሩት። ጠርዙ ላይ ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ መስመር ይታያል? ትንሽ ከሆነ ይለፍ፣ ወፍራም ከሆነ ሌንሱ ርካሽ ነው። አሁን ዲሹን ሳታንቀሳቅሱት መነጽሩን ብቻ ወደ ጎን አዙሩ፣ ዲሹ ወደ ምስሉ ዳር ይምጣ። ዳር ላይ ምን ያህል ደበዘዘ? መጠነኛ መደብዘዝ የተለመደ ነው። ግማሹ ምስል የሚደበዝዝ ከሆነ ግን የከፈላችሁት ለግማሽ መነጽር ነው።

ቀጥሎ የኤሌክትሪክ ሽቦ ወይም የሕንፃ ጠርዝ እዩ። መስመሩ አንድ ነው ወይስ ሁለት ሆኖ ይታያል? እያያችሁ መነጽሩን ከዓይናችሁ ቀስ ብላችሁ አርቁት። ሁለቱ ምስሎች አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ካሉ ሁለቱ ቱቦዎች አልተጣጣሙም። እንዲህ ያለውን ሱቅ ውስጥ ለሁለት ደቂቃ አይታችሁ "ደህና ነው" ትላላችሁ፤ ኮረብታ ላይ ለሁለት ሰዓት ስታዩበት ራስ ምታት ይዟችሁ ይመለሳል። ያገለገለ መነጽር ስትገዙ ይኼን ፈተና በፍጹም አትዝለሉት። አንዴ የወደቀ መነጽር ውጪው ሳይጫር ውስጡ ሊዛባ ይችላል።

ሌላ፦ የብርሃን ክቡን እዩ። ሙሉ ክብ መሆን አለበት። ዳሮቹ ተቆርጠው አራት ማዕዘን ከመሰለ ፕሪዝሙ፣ ምስሉን የሚያቃናው የውስጥ መስታወት፣ ርካሽ ነው። ካርቶኑ ላይ "ባክ 4" የሚል የፕሪዝም መስታወት ዓይነት ካለ ጥሩ ምልክት ነው። "ፉሊ መልቲ ኮትድ" ማለት ሁሉም ሌንሶች በብዙ ንብርብር ተቀብተዋል ማለት ነው፤ "ኮትድ" ብቻ ካለ ብዙ አትጠብቁ። ፊት ሌንሱ ቀይ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ደግሞ ለጌጥ ነው፣ ተዉት። በናይትሮጅን ወይም በአርጎን ጋዝ የተሞላ መሆኑን ጠይቁ፤ በባሌ ብርድ ውስጡ ጉም እንዳይቋጥር የሚያደርገው እሱ ነው።

መነጽር የምታደርጉ ሰዎች፣ የዓይን መነጽር ማለቴ ነው፣ አንድ ተጨማሪ ነገር አለባችሁ። የዓይን ጎማውን ወደ ታች አጥፋችሁ መነጽራችሁን እንዳደረጋችሁ እዩ። ሙሉውን ክብ ካላያችሁ፣ ዳሩ ጥቁር ከሆነ፣ አይሆናችሁም። ዝርዝሩ ላይ "አይ ሪሊፍ" የሚባለው ቁጥር፣ ዓይን ከሌንሱ ርቆ ሙሉውን ምስል የሚያይበት ርቀት፣ 15 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ይሁን፤ 17 እና 18 ከተገኘ የበለጠ ደስ ይላል።

ስለ ዋጋ ብዙ አላወራም፣ የዶላሩን ነገር ታውቁታላችሁ። ውጭ ዘመድ ያለው ሰው ከ200 እስከ 500 ዶላር ባለው መካከል የኒኮን ወይም የቮርቴክስ ደህና 10 በ42 ያስመጣል፣ ዕድሜ ልኩንም ይጠቀምበታል። ስዋሮቭስኪ፣ ዛይስና ላይካ ከዚያ ብዙ እጥፍ ናቸው። ልዩነቱ አለ፣ በተለይ በዚያች ሃያ ደቂቃ። ግን መካከለኛ መነጽር በማቆሚያ ላይ፣ ውድ መነጽር በእጅ ከተያዘው ይበልጣል። ባለ ስዋሮቭስኪዎች ይኼን ስል አይወዱትም።

ለራሳችሁ ዓይን አስተካክሉት

ብዙ ሰው ይኼን ሳያደርግ ዓመታት ይጠቀምበታል። መጀመሪያ ሁለቱን ቱቦዎች አጠጋጉ ወይም አራርቁ፣ ሁለት ክብ ሳይሆን አንድ ክብ እስክታዩ። ከዚያ የቀኙን የፊት ሌንስ በእጃችሁ ሸፍኑት፣ ሁለቱም ዓይናችሁ ክፍት ይሁን። መሐል ያለውን ፎከስ ማድረጊያ እያዞራችሁ ለግራ ዓይናችሁ አጥሩት። አሁን የግራውን ሸፍኑ። የመሐሉን ሳትነኩ የቀኝ ዓይን ማስተካከያውን ብቻ አዙሩ፣ ዲዮፕተር የሚባለውን። ሲጠራ ያለበትን ምልክት አስታውሱ ወይም ትንሽ ፕላስተር ለጥፉበት። ከዚህ በኋላ የመሐሉን ብቻ ነው የምታዞሩት። ጓደኛ ከተዋሰው በኋላ ምልክቱን ቼክ አድርጉ።

ማቆሚያ፣ ዱላና ጋቢ

ባይኖክላር በትራይፖድ ላይ ሲሰካ ሌላ ዕቃ ይሆናል። እንስሳ ጆሮውን ሲያንቀሳቅስ የምታዩት መነጽሩ ካልተንቀሳቀሰ ብቻ ነው። አብዛኞቹ ባይኖክላሮች ፊት ለፊት መሐላቸው ላይ ትንሽ ክዳን አላቸው፤ ስትከፍቱት ለትራይፖዱ ማያያዣ የሚሆን ቀዳዳ ታገኛላችሁ። ማያያዣው ርካሽ ነው። ቀላል የፎቶ ትራይፖድ ይበቃል፣ ተቀምጣችሁ ስለምታዩ ረጅም መሆን የለበትም። ንፋስ ካለ መሐሉ ላይ ድንጋይ በከረጢት አንጠልጥሉበት።

ትራይፖድ ከሌለ የእረኛ ዱላ አለ። ተቀምጣችሁ ዱላውን ፊታችሁ ትከሉት፣ ጫፉን ከመነጽሩ ጋር አንድ ላይ ጨብጡት፣ ሁለቱን ክርኖች ጉልበታችሁ ላይ አስደግፉ። ወይም ጋቢውን አጣጥፋችሁ ድንጋይ ላይ አድርጉና መነጽሩን በላዩ አሳርፉት። ከምንም በጣም ይሻላል።

መነጽሩን አንገት ላይ በቀጭን ገመድ አታንጠልጥሉት። ዳገት ላይ ደረታችሁን ሲመታ ይውላል፣ አንገትም ያሳምማል። በትከሻና በጀርባ የሚታሰር ማሰሪያ ይሻላል።

አሁን ፍለጋው

ቦታ ስትይዙ ሰማይ ጠርዝ ላይ አትቀመጡ። ከኮረብታው ጫፍ ትንሽ ወረድ ብላችሁ፣ ከኋላችሁ ቁጥቋጦ ወይም ድንጋይ ይኑር። ጠዋት ፀሐይዋ ከጀርባችሁ ብትሆን ይመረጣል፤ የምታዩት ዳገት ይበራላችኋል፣ እናንተን የሚያይ ደግሞ ፀሐይ ትወጋዋለች። ንፋሱን እዩ። ከናንተ ወደ ሸለቆው የሚነፍስ ከሆነ ቦታ ቀይሩ፣ መነጽር ሽታችሁን አይደብቅም።

መጀመሪያ በባዶ ዓይን። መነጽሩን ገና አታንሱ። ሜዳው ላይ፣ የጭቁኝ ቁጥቋጦው መሐል፣ የጫካው ጠርዝ ላይ ተጋልጦ የቆመ ነገር ካለ በባዶ ዓይን ቶሎ ይገኛል። ከዚያ በመነጽር ቅርቡን እዩ፤ ሁሉም ሰው መነጽር ሲይዝ ሩቁን ተራራ ነው የሚያየው፣ አጋዘኑ መቶ ሜትር ላይ አስታ ሥር ተኝቶ ያያቸዋል።

ከዚያ ዳገቱን በሐሳባችሁ ከፋፍሉት። እርሻ እንደሚታረስ፣ ትልም በትልም ሂዱ። ከግራ ከላይ ጀምሩ። መነጽሩን አቁሙ፣ በሚታየው ክብ ውስጥ ዓይናችሁን ብቻ አንቀሳቅሱ፤ መሐሉን፣ ዳሩን፣ ጥላውን። ከዚያ ወደ ቀኝ ትንሽ ግፉ፣ ካያችሁት ላይ ሲሶ ያህል ደርባችሁ። ረድፉ ሲያልቅ ዝቅ በሉ። መነጽሩን እያንሸራተቱ ማየት የትም አያደርስም፤ ዓይን የሚንቀሳቀስ ነገር የሚይዘው ምስሉ ሲቆም ነው።

ዳገቱን ጨረሳችሁ? እንደገና ጀምሩ። ይኼ አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ተኝቶ የነበረው ተነስቷል፣ ጥላው ዞሯል፣ ባለፈው ግንድ የነበረው አሁን ጆሮ አለው። አንድ ቦታ ላይ አንድ ሰዓት መቀመጥ ብዙ አይደለም። ሴቶች ካገኛችሁ ቶሎ አትለፏቸው፤ ዙሪያቸውን፣ በተለይ ከበላያቸው ያለውን የጫካ ጠርዝ ፈትሹ፣ ወንዱ ብዙ ጊዜ ከዳር ይሆናል።

የትኛውን ቦታ ላስቀድም ካላችሁ፦ አስታው ከሣሩ የሚገናኝበት ጠርዝ፣ የኮሶና የአምጃ ዛፎች መሐል ያሉ ክፍት ቦታዎች፣ ከወንዝ ወደ ዳገት የሚወጡ ቀጫጭን ሸለቆዎች፣ ጠዋት ፀሐይ መጀመሪያ የምታርፍበት ገጽ። በበጋ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው። እንስሳውም እንደናንተ ፀሐይ መሞቅ ይፈልጋል።

በመነጽር እያያችሁ ዓይናችሁ ሲቃጠል አቁሙ። በየጊዜው ትንሽ ማረፍ ከመታከት ያድናል። በቀጥታ ፀሐይን በመነጽር ማየት ደግሞ ዓይን ያጠፋል፣ ለአንድ ሴኮንድም አይሞከርም።

ስፖቲንግ ስኮፕ ያስፈልጋል ወይ?

ለጉብኝት፣ አያስፈልግም። ለአደን፣ አዎ፤ ግን ፕሮፌሽናል አዳኙ ብዙ ጊዜ የራሱ አለው፣ ጠይቁት። ሁለታችሁም ተሸክማችሁ መውጣት የለባችሁም።

ስኮፕ፣ ማለትም በአንድ ዓይን የሚታይበት፣ ማቆሚያ ላይ የሚሰካ ባለ አንድ ቱቦ መነጽር፣ እንስሳ መፈለጊያ አይደለም። በባይኖክላር የተገኘውን መመርመሪያ ነው። "ወንድ አየሁ" ካላችሁ በኋላ ያረጀ ነው ወይ የሚለውን የሚመልሰው እሱ ነው። ያረጀ ወንድ አንገቱ ይወፍራል፣ ፀጉሩ ጠቆር ይላል፣ የቀንዱ ጫፍ ተፈግፍጎ እንደ ዝሆን ጥርስ ነጣ ይላል። የቀንዱ ጫፍ ገና ወደ ውስጥ ያዘነበለ፣ ሰውነቱ ቀላ ያለ ወጣት ከሆነ ተዉት፣ ይደግ። ከፊት ብቻ አይታችሁ አትወስኑ። ከጎን እስኪዞር ጠብቁ።

65 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያለው፣ ከ15 እስከ 45 የሚያቀርብ ስኮፕ ለተራራ ይመረጣል። 80 ሚሊ ሜትሩ የበለጠ ያበራል፣ ግን ከነማቆሚያው ሲመዘን በቅሎ ያስፈልገዋል፤ ባሌ ደግሞ ፈረስ አይጠፋም፣ ስለዚህ እሱም አማራጭ ነው። ስትጠቀሙ ከዝቅተኛው ቁጥር ጀምሩ፣ እንስሳውን መሐል አድርጉት፣ ከዚያ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ከ3 ሰዓት በኋላ መሬቱ ሲሞቅ አየሩ ይንቀጠቀጣል፣ ምስሉም ውሃ ውስጥ ያለ ይመስላል። ያኔ 45 ላይ ማድረግ ትርፉ ብስጭት ነው። ወደ 20 ዝቅ አድርጉት።

ዓይን የሚገባበት ወደ ላይ ያዘነበለ ስኮፕ ለረጅም ሰውም ለአጭርም፣ ሽቅብ ለማየትም ይመቻል። ቀጥ ያለው ቶሎ ለማነጣጠር ይቀላል። እኔ ያዘነበለውን እመርጣለሁ፣ በተራ በተራ ስናይ ማቆሚያውን ከፍ ዝቅ ማድረግ ስለማያስፈልግ።

ለጓደኛችሁ ማሳየት

"እዚያ ጋ!" ማለት አይሠራም። ሁለታችሁም የምታዩት ትልቅ ነገር ምረጡ፤ የደረቀ ጥድ፣ ነጭ ቋጥኝ፣ ነጠላ ጅብራ። ከዚያ "ከደረቁ ጥድ በስተግራ፣ ሁለት መነጽር ያህል፣ ከቢጫው ሣር በላይ" በሉ። ሁለት መነጽር ማለት በመነጽሩ የሚታየው ክብ ሁለት ጊዜ ሲደረደር ነው። መሪያችሁ አማርኛው እምብዛም ከሆነ እጅ ይሠራል፤ ዳገቱን በስልክ ፎቶ አንሱና በጣት አሳዩት።

እንስሳውን ካገኛችሁ በኋላ ወደሱ ስትሄዱ አገሩ ሁሉ ይቀየራል። ከታች ሲታይ ነጠላ የነበረው ጥድ እዚያ ስትደርሱ አሥር ይሆናል። ያ ፎቶ ያኔ ይጠቅማል። ሬንጅ ፋይንደር ካላችሁ ከመነሳታችሁ በፊት ርቀቱን ለኩ፤ በደጋው ጥርት ያለ አየር ሩቅ ነገር ቅርብ መስሎ ይታያል፣ 300 ሜትር ያላችሁት 450 ሊሆን ይችላል።

በጠመንጃ ስኮፕ አትፈልጉ

ይኼ በደማቁ ይነበብልኝ። ጠመንጃ ላይ ያለው ስኮፕ ለማነጣጠር ብቻ ነው። በሱ "እስቲ ያ ምንድነው" ብላችሁ ስታዩ አፈ ሙዙ የምታዩት ነገር ላይ ተደግኗል። ባሌ ባዶ አገር አይደለም። እረኛ አለ፣ እንጨት የተሸከመች እናት አለች፣ በጭጋግ ውስጥ ጋቢ ተከናንቦ ፈረስ የሚጋልብ ሰው አለ። ባይኖክላር ደረታችሁ ላይ ካለ በጠመንጃ ለመፈለግ ምንም ሰበብ የለም። አብሯችሁ ያለ ሰው እንዲህ ሲያደርግ ካያችሁ፣ እንግዳም ይሁን ታላቅ፣ አስቁሙት።

ከመሄዳችሁ በፊት፣ ከተመለሳችሁ በኋላ

ከውጭ የምትመጡ ከሆነ አንድ ነገር አስቀድሙ። ባይኖክላር ቦሌ ላይ ያለ ፈቃድ ሊያዝባችሁ ይችላል፤ ብዙ ተጓዥ ደርሶበታል። በአደን ድርጅት ወይም በአስጎብኚ በኩል የምትሄዱ ከሆነ ሞዴሉንና መለያ ቁጥሩን ልካችሁ የፈቃድ ደብዳቤውን ቀድመው እንዲጨርሱላችሁ ጠይቁ። "ሻንጣ ውስጥ አይታይም" የሚል ምክር ካገኛችሁ አትስሙት።

ሌንስ ሲቆሽሽ በነጠላ ጫፍ ወይም በሸሚዝ አትጥረጉት። መጀመሪያ አቧራውን እፍ በሉት ወይም በለስላሳ ብሩሽ አራግፉት፤ አሸዋ ላይ ጨርቅ ማሸት ሌንስ መፋቅ ነው። ከዚያ በሌንስ ጨርቅ፣ ከመሐል ወደ ዳር፣ ሳትጫኑ።

ሌሊት ከውርጭ ወደ ሞቀ ክፍል ስትገቡ መነጽሩን ወዲያው ከቦርሳው አታውጡት። ቦርሳው ውስጥ እንዳለ ቀስ ብሎ ይሙቅ፣ ካለበለዚያ ላዩ ሁሉ ውሃ ይቋጥራል። ዝናብ ከመታው፣ ወይም ሀረና እርጥበት ውስጥ ከከረመ፣ ክዳኖቹን ከፍታችሁ ጥላ ውስጥ አድርቁት። እርጥብ ሆኖ በቦርሳ ከተዘጋበት ሌንሱ ላይ ሻጋታ ያበቅላል፣ እሱን ደግሞ በቤት ማስለቀቅ አይቻልም። አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምታገኟትን እርጥበት መምጠጫ ትንሽ ከረጢት አትጣሏት፤ ሁለት ሦስቷን መነጽሩ ቦርሳ ውስጥ አስቀምጡ።